የሚስስ ኦርቴጋ ኮሽም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1989

የድሮውን ደብተር አልቀጠልኩትም። ካቻምና መጋቢት ላይ የቆመ ደብተር ነው፤ ሽፋኑን መግለጥም አልፈልግም። ይሄ አዲስ ነው።

ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። የሚያውቁት ባሌ ዓለምሰገድ፣ ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው እትዬ ሮማንወርቅና ሚድዋይፏ፣ አዋላጄ፣ ብቻ ናቸው። ለንደን፣ ሆሎዌይ ውስጥ በጥቅምት ካፖርት ማንንም አይገርምም፤ ስለዚህ ልብስ በማሳጥርበት ላውንደሪ ቤት እንኳ እንፋሎቱ እያላበኝ ካፖርቴን ለብሼ እውላለሁ። አለቃዬ ብርድ ፈሪ ይለኛል። ይበለኝ። ሁለት ጊዜ ለሰው አውርቼ ሁለት ጊዜ ባዶ እጄን ቀርቻለሁ።

ለመጻፍ ያስነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከሰሞኑ ኮሽም አምሮኛል። ደብረ ታቦር ከቤታችን ኋላ አጥር ሆኖ የበቀለው፣ እሾሁ ቀሚስ የሚተለትለው፣ ፍሬው ጥርስ የሚያጠርሰው ኮሽም። ሳስበው ምራቄ ይሞላል፤ ሌሊት በህልሜ እለቅማለሁ። ለንደን ላይ ከየት ይመጣል ብዬ ስቄ ትቼው ነበር። እዚህ ቤት የገባነው ሐምሌ ላይ ስለሆነ ጓሮውን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። ዛሬ ጠዋት የወጥ ቤቱን መስኮት ስከፍት ከጎረቤት ግንብ በላይ አንድ ቅርንጫፍ ወደኛ አጋድሏል። እሾህ አለው። ብጫ ፍሬ ተንዠርግጎበታል።

ኮሽም በሆሎዌይ! ቆሜ ቀረሁ፣ አውቶቡሴም አመለጠኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

እትዬ ሮማንወርቅ ከስትሪትሃም ድረስ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው መጡ። ገና ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ፣

«ምን አማረሽ?» አሉኝ።

«ምንም፣ እትዬ።»

«ነፍሰ ጡር ምንም አላማረኝም ካለች ወይ አፍራለች ወይ ዋሽታለች። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ጉበት አምሮኝ፣ አማቴ ፊት አፍሬ ዝም ብዬ፣ ይኸው ጭኑ ላይ ጉበት የመሰለ ምልክት ይዞ ወጣ። ምልክት ብቻ ከሆነ ደግ ነው። አምሮቷን ተከልክላ ያስወረዳትም…» ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «አፌን ቁርጥ ያድርገው! ሻይ አፍዪልኝ እስቲ።»

ሻዩን አፈላሁ።

እሳቸው ሲሄዱ ዓለምሰገድም ለሥራ ወጣ፤ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል መኪና ማቆሚያ ይጠብቃል፣ የሚመለሰው ጠዋት ነው። ሲመሻሽ በርጩማ ይዤ ጓሮ ወጣሁ። እሾሁ መዳፌን ወጋኝ፣ ለቀምኩ፣ እዚያው ቆሜ በላሁ። ኮሽም አይደለም። ኮሽም ይኮመጥጣል፣ ይሄ ጣፈጥ ብሎ እንደ በሰለ ፖም ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ዘሩም ድንጋይ ነው። አፌ ግን ምንም አልተከራከረም። ልጁም ሆዴ ውስጥ ተገላበጠ።

ቀና ስል ከጎረቤት ፎቅ መስኮት አንዲት አሮጊት ቁልቁል ታየኛለች። ፀጉሯ ነጭ፣ ፊቷ ጠይም፣ ፈረንጅም ሐበሻም አይደለች። እጇን አንስታ እንዳነሳች ቀረች። ሮጬ ገባሁ።

ሰው እያየኝ በላሁ። ያውም እርጉዝ ሆኜ፣ ያውም የሰረቅሁትን፣ ያውም በዛፉ ባለቤት ፊት። የደብረ ታቦር ልጅ ሆኜ፣ ሲበሉ መሸፈንን ያህል ነገር ረሳሁ። ድንጋዮቹን ዓለምሰገድ እንዳያይ መስኮት ላይ ያለው አበባው የደረቀበት ማሰሮ ውስጥ ቀበርኳቸው።

እሑድ

በስመ አብ ሳልል ነው የበላሁት። አሁን ትዝ አለኝ።

ኀሙስ፣ ጥቅምት 14

ሥራ ቦታ። ሁለት ሴቶች ቀሚስ ሊያስረዝሙ መጥተው ሲያወሩ ሰማሁ። የአንዷ የልጅ ልጅ ከአጥር ላይ ፍሬ ለቅማ በልታ ሆስፒታል ሆዷን አጥበው አተረፏት። «ለንደን አጥር ላይ ያለ ፍሬ ለወፍ እንጂ ለሰው አይደለም» አለች። መርፌው ጣቴን ወጋኝና የሰው ቀሚስ አደማሁ።

ትናንትም በልቻለሁ። ከትናንት ወዲያም። አሮጊቷ እንዳታየኝ ጎንበስ ብዬ በግንቡ ጥግ፣ በጨው ውሃ አጥቤ፣ ነጠላ ተከናንቤ። መጋረጃዋ ግን ይነቃነቃል።

ስበላ ልጁ ይራገጣል። ደስታ ነው ወይስ ጣር? ማንን ልጠይቅ? ሚድዋይፏ ሰኞ ዕለት «አዲስ ነገር አለ?» ስትለኝ የለም አልኳት። እንደምኮራበት ሁሉ ቀና ብዬ ነው የዋሸሁት።

ኀሙስ፣ ጥቅምት 21

ዓለምሰገድ ጠዋት ሲገባ ምስር ወጥ አቀረብኩ፤ በልቻለሁ አለ። ትናንትም በልቻለሁ ነው ያለው። የት ነው የሚበላው? ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስቷል።

ሆዴን አይነካም። ሲተኛ ጀርባውን ይሰጠኛል፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ይተኛል። ካቻምና እንዲህ አልነበረም። ያን ምሽት እጁን ሆዴ ላይ አድርጎ፣ ልጁ ሲመታው የሳቀው ሳቅ ላይ ቤት ድረስ ተሰምቶ መሬቱን ደብድበውብን ነበር። «ኳስ ተጫዋች ነው!» እያለ እየደጋገመ ይነካኝ ነበር። በማግስቱ ነው። ስለ ማግስቱ አልጽፍም።

አሁን ምን አስጠላው? ከእኔ ልጅ እንደማያገኝ ቆርጦለት ይሆናል። ወይ ሌላ ቤት ይበላል።

ዛሬ ማታ የሰፈሩ ልጆች፣ የፈረንጅ በዓል ነው ብለው፣ ጭንብል አድርገው በር ያንኳኳሉ። አልከፈትኩም። መብራት አጥፍቼ በሻማ ነው የምጽፈው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ሥዕለ ማርያምን አቅፌ ነው ያደርኩት። አሮጊቷ ትናንት ማታ በታችኛው መስኮቷ ላይ ሻማ ደርድራ፣ ብጫ አበባ በትና፣ የሰው ፎቶዎች አቁማ፣ ከፎቶዎቹ ፊት ያንን ፍሬ በሳህን አድርጋ ነበር። እኔ የምሰርቀውን ፍሬ! አንዱ ፎቶ የጨቅላ ሕፃን ነው። በርጩማው ላይ ቆሜ ከግንቡ በላይ በደንብ አየሁት።

ለማን ነው ይሄ ሁሉ? የእኔ ልጅ ገና ፎቶ የለውም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ከሥራ ስገባ ግንቡ ላይ፣ በእኔ በኩል፣ ብርጭቆ ማሰሮ ተቀምጦ አገኘሁ። ውስጡ ፍሬው በጥቁር ስኳርና በቀረፋ ተቀቅሎ፣ ገና ትኩስ ነው። ለእትዬ ሮማንወርቅ ስልክ ደወልኩና ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አላስቻለኝም።

«ስትበዪ ያየችሽ ሰው አብስላ የሰጠችሽን?» ብለው ጮኹ። «እንዳትቀምሺው! አፍሽ እንዳይነካው! ነገ ጤና አዳም ይዤልሽ እመጣለሁ፤ አንገትጌሽ ላይ ትሰፊዋለሽ። እኔን ኮሽም አማረኝ ብትዪኝ ሰማይ ቧጥጬ አመጣልሽ አልነበር?»

ሽንት ቤት ደፋሁት። የቀረፋው ሽታ ቤቱን ሞላው። አፌ ምራቅ ሞልቶ፣ እያለቀስኩ ነው የደፋሁት። ማሰሮውን አጥቤ ግንቡ ላይ መለስኩ። ሌባ ነኝ እንጂ የሰው ዕቃ አላስቀርም።

ኀሙስ፣ ኅዳር 12

ደረሰብኝ። አሮጊቷ መንገድ ላይ ጠበቀችኝ። ከአውቶቡስ ወርጄ በራችን ጋ ስደርስ ከደጇ በዱላዋ እየተንገዳገደች ወጣች፣ በማላውቀው ቋንቋ እያወራች፣ እጇን ዘርግታ ወደ ሆዴ። በቀጥታ ወደ ሆዴ! ጮኽኩ። ገፋኋት መሰለኝ። ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ አልገባ አለኝ፣ ገብቼ በሩ ላይ ተደገፍኩ። ከውጭ ቆማ ታንኳኳለች፣ እኔ ውስጥ ሆኜ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። ቆይታ ሄደች።

ልጁ ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ አንድ ጊዜ ገፋ አደረገኝ። ጤና አዳሙን አሸተትኩ።

ለዓለምሰገድ አልነገርኩትም። ቢሰማ ምን ሊል? ዝም ነው የሚለው። የዝምታውን ያህል የሚያስፈራኝ የለም።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ጾመ ነቢያት ገባ። ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እትዬ ሮማንወርቅ በጆሮዬ፣ «ባልሽ ገዳም ሊገባ ነው እንዴ? ከመስከረም ጀምሮ እኮ ሰው ከወጣ በኋላ ብቻውን ሲሰግድ አየዋለሁ። ጉልበቱ ያልቃል» አሉኝ።

ለመስገድ ጊዜ አለው። ለእኔ ግን ጊዜ የለውም።

ማታ የሕፃን አልጋ እንግዛ አልኩት። «ከወለድሽ በኋላ» አለ። አንሶላስ? «ከወለድሽ በኋላ።» አንድ ኮፍያ እንኳ? «ኂሩትዬ፣ ተይኝ!» ብሎ ተነስቶ ወጣ። ሳህን የተሰበረ ያህል ነው የደነገጥኩት፤ ጮሆብኝ አያውቅም። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፣ ብርዱ ነው አለኝ።

ኀሙስ፣ ታኅሣሥ 3

ውርጭ። ጓሮው ነጭ ሆኗል። ቅጠሉ ረግፎ ፍሬው ብቻ ባዶ እንጨት ላይ ቀርቷል፤ ጥቁር ወፎች ይለቅሙታል። እኔ መብላት ካቆምኩ ቆየሁ። አምሮቴ ግን አልሞተም፣ ወፎቹን እመቀኛለሁ።

የአሮጊቷ መጋረጃ ሰሞኑን አልተከፈተም። መጀመሪያ ተመስገን አልኩ። አሁን በግድግዳው በኩል ሳል ይሰማኛል፤ ደረቅ፣ የማያባራ ሳል። የሚጠይቃት ሰው ያለ አይመስለኝም። የገፋኋት ቀን ወድቃ ይሆን? ዞር ብዬ አላየሁም።

አልሄድም። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 11

ልጁ ዛሬ ጠዋት አልተነሳም።

ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣሁ። በስኳር ጠጣሁ። በጎኔ ተኛሁ። ምንም።

ዓለምሰገድ ሌላ ሰው ተክቶ ቀንም ሌሊትም ሥራ ላይ ነው። የመኪና ማቆሚያው ስልክ አይነሳም።

ሆስፒታል ብሄድ ምን በላሽ ይሉኛል። ስሙን የማላውቀው ፍሬ፣ ከሰው አጥር የሰረቅሁት፣ ስትጠይቁኝም የዋሸሁት ልበል? የገዛ ልጅሽን መረዝሽ ይሉኛል። ዓለምሰገድም ይሰማል። ይንቀሳቀስ ይሆናል፣ ትንሽ ልቆይ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል። ማርያም። ማርያም።

በር ይንኳኳል

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14፣ ሆስፒታል

ያንኳኩት አሮጊቷ ጎረቤቴ ነበሩ። ሚስስ ኦርቴጋ ይባላሉ። የሜክሲኮ ሰው ናቸው።

ለምን እንደከፈትኩ አላውቅም። ምናልባት ማንም ይሁን ሰው ይግባ ብዬ ነው። ሻርፕ ተጠቅልለው፣ እያሳሉ፣ ማሰሮዋን ይዘው ቆመዋል። አንድ ቃል ሳይናገሩ ማሰሮዋን መሬት አስቀመጡና እጃቸውን ሆዴ ላይ ጫኑ። ለመሮጥ ጉልበት አልነበረኝም። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አሁን ነካሁት» አሉ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው። የእኔም ከእሳቸው አይሻልም፣ ስለዚህ ተግባባን። «ዓይኔ ከባድ ነው። ስትበዪ አየሁሽ፣ ሆድሽን አየሁ፣ እንዴት ታምራለች አልኩ። አይቶ አድንቆ ያልነካ ሰው ልጁን ይጎዳል፤ በእኛ አገር እንዲህ ነው። እጄን ባነሳ ሮጥሽ። መንገድ ላይ ብመጣ ሮጥሽ። እኔ ደግሞ አንቺን የሚያሯሩጥ ጉልበት የለኝም። ከዚያ ምሽት ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ።»

«ፍሬውስ?»

«ቴሆኮቴ ነው። ለገና እናፈላዋለን። ለሙታኖቻችንም እናቀርባለን። ነፍሰ ጡር አምሯት ካልቀመሰች ልጇ ምልክት ይወጣበታል፣ ስለዚህ አብስዬ አስቀመጥኩልሽ።»

እሳቸውና እትዬ ሮማንወርቅ ተያይተው አያውቁም።

ከዚያ እጃቸውን ከሆዴ ሳያነሱ ፊታቸው ተለወጠ። «ልጁ መጨረሻ የተነሳው መቼ ነው?» አሉ። ትናንት ማታ አልኳቸው። ስለ ዓይንም ስለ ፍሬም ሌላ ቃል አልተናገሩም። «ካፖርትሽ የታለ?» ብቻ። ዱላቸውን መንገድ መሃል ዘርግተው ታክሲ አስቆሙ።

ታክሲ ውስጥ ጥርሴ ሲንገጫገጭ፣ እንዳልጮኽ ይሁን ሊያጫውቱኝ፣ ስለ ዛፋቸው አወሩልኝ። ዘሩን እናታቸው ናቸው በፖስታ የላኩላቸው። አንድ ክረምት ጠበቁ፣ ምንም። ባላቸው ማሰሮውን ልጣለው አሉ፣ እሳቸው አይሆንም አሉ። ከሁለተኛው ክረምት በኋላ በቀለ። «ብርዱን ሳይጠግብ አይነሳም» አሉኝ። መስኮቴ ላይ የቀበርኳቸውን ድንጋዮች አሰብኩ። የሕፃኑን ፎቶ ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ እሳቸውም ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ሆስፒታል ሆዴ ላይ መሣሪያ አደረጉ። የልጄ ልብ ይመታል፣ ግን ቀስ እያለ፣ ደግሞ እየቆመ። ሰው ተሯሯጠ። እያንከባለሉ ሲወስዱኝ ሐኪሟን እጇን ይዤ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ፍሬውን፣ ስርቆቱን፣ ውሸቱን። ጎንበስ ብላ፣ «ፖም በላሽ ማለት እኮ ነው» አለችኝ። «ከፍሬው ጋር ምንም አይገናኝም፤ እትብቱ ነው የተጨነቀው። እስከ ነገ ብትቆዪ ግን…» አልጨረሰችውም። እኔ ግን በየሰዓቱ እጨርሰዋለሁ። ፍሬው ሳይሆን ፍርሃቴ ሊገድላት ነበር።

በኦፕራሲዮን አወጧት። ሴት ናት። መዳፍ ላይ የምታልቅ። መስታወት ሣጥን ውስጥ ናት፣ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ አለ። ገና ምንም አይታወቅም ይሉኛል። እርምጃ በሰማሁ ቁጥር ሊነግሩኝ የመጡ ይመስለኛል።

ዓለምሰገድ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ደረሰ። ሰባራ ወንበር ላይ እንደ ወደቀ ተቀምጦ አለቀሰ። ከመስከረም ጀምሮ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚቀምስ፣ ይህም ለቅዱስ ገብርኤል የተሳለው ስለት እንደሆነ ነገረኝ። ሌላ ቤት ይበላል ብዬ የጻፍኩትን ገጽ ልቀድደው አሰብኩ፤ ይቅር፣ ይኑር።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል

ዛሬ ቱቦውን ለጥቂት ጊዜ ነቅለውላት ራሷ ተነፈሰች። ከዚያ መልሰው አደረጉት። ሐኪሟ «እናያለን» አለች፤ ከትናንቱ «እናያለን» ይሄኛው ይሻላል።

ሣጥኑ እጅ የሚገባበት ቀዳዳ አለው። ነርሷ እኔን አስነካችኝ። ጀርባዋ ትኩስ ነው። ዓለምሰገድን «አባት፣ ተራህ ነው» ስትለው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። እጁን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከትቷል፣ ጨብጦታል፣ በጨርቁ ላይ ይታያል።

«አንተ ንካት እንጂ» አልኩት።

«አንቺ ንኪያት፣ እኔ አያታለሁ» አለኝ። ከንፈሩ ደርቋል። «ያን ጊዜ እኮ የነካሁት እኔ ነኝ፣ ኂሩትዬ።»

ስንት ወር አንድ አልጋ ላይ ተኝተን፣ እሱ እጁን ፈርቶ፣ እኔ እሱን ፈርቼ።

በዚህ መሃል መስታወቱ ተንኳኳ። ከውጭ ሚስስ ኦርቴጋ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ልጄን ያያሉ፣ ያያሉ፣ ዓይናቸው ላይ የሚታየውን አድናቆት የአገሬ ሰው ቢያይ ያስፈራዋል። እጃቸውን አንስተዋል፣ ያን ምሽት መስኮቱ ላይ እንዳነሱት። ነርሷ ወጥታ «ይቅርታ፣ ቤተሰብ ብቻ» ስትላቸው እጃቸው ወረደ። ፊታቸው ላይ ፍርሃት አየሁ፤ የእኔን የሚያህል ፍርሃት።

ስፌቴ እየወጋኝ ተነስቼ በሩ ላይ ደረስኩ።

«አያቷ ናቸው» አልኳት።

ነርሷ እኔን አየችኝ፣ ሚስስ ኦርቴጋን አየች፣ ዓለምሰገድን አየች። እሱ ምን ይላል ብዬ ፈራሁ።

«አዎ» አለ ዓለምሰገድ። «አያቷ ናቸው።»

«እንግዲያው እጅዎን ታጥበው ይግቡ» አለቻቸው።

ሚስስ ኦርቴጋ ዱላቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ እስከ ክርናቸው በሳሙና ታጠቡ። ዓለምሰገድ ቆሞ ሲያያቸው ቆየ። ከዚያ እጁን ከኪሱ አወጣና ከኋላቸው ወረፋ ያዘ።